ከመርዶ በፊት የቀረበ ጨጨብሳ

ባለፈው ማክሰኞ ከተማሪዎቼ አንዱ አዲስ ሥራውን ሊያሳየን ክፍሉ ፊት ቆመ። ዙሪክ ውስጥ በአንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ትምህርቱ የኢንተራክሽን ዲዛይን ይባላል። ምን ማለት እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው አሳጥሬ ስነግረው፣ ሰው ስክሪን ሲነካ ስክሪኑ ምን ብሎ እንደሚመልስለት የምንወስን ሰዎች ነን እላለሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም ጥርት ያለ። የሠራው መተግበሪያ ክፉ ወሬ የሚያደርስ ነው። ቤተሰብ ወሬውን ይጽፍለታል፤ እሱ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አለስልሶ፣ የተቀባዩን ጠባይ አጥንቶ፣ የሚስማማውን ሰዓት መርጦ ስልኩ ላይ ያደርስለታል። ስክሪኑ ቀስ እያለ ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ይለወጣል። ከዚያ አንድ ለስላሳ የሴት ድምፅ «ለመስማት ዝግጁ ነህ?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ «አዎ»፣ ሌላው «በኋላ አስታውሰኝ»።

ክፍሉ አጨበጨበ። እኔ ምራቄ መረረኝ። በኋላ አስታውሰኝ! የሰው ሞት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ይመስል! ልጁ ፈገግ ብሎ አስተያየቴን ሲጠብቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት። ጥያቄው ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ አባቴ የሞተ ጊዜ የሆነውን መናገር አለብኝ።

ያኔ ሃያዎቹን ገና ማጋመሴ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ድሮ ፋብሪካ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አለቃዬ ሬቶ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርለት። የማንንም ልደት አይረሳም፤ የታመመ ሠራተኛ ቤት ሾርባ ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን ሰውን ሁሉ «ተጠቃሚ» ብሎ የሚጠራ ሰው ነበር። ተጠቃሚው መጠበቅ የለበትም፤ ተጠቃሚው ማሰብ የለበትም፤ ነገሩ ሁሉ ወዲያው፣ አሁኑኑ፣ እጁ ላይ ይድረሰው። ይህን የሚለው ሌላው ሰው ጸሎት በሚያደርስበት ድምፅ ነው። ግድግዳችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት የተሞላ ነበር፤ ማንም ሰው የሆነ ሐሳብ ሽው ካለበት አንዲት ወረቀት ጽፎ ይለጥፋል። የዚያን ሰሞን የኔ ሥራ ስልክ ላይ አዲስ መልእክት ሲገባ ጥግ ላይ ብቅ የምትለውን ቀይ ነጥብ መሥራት ነበር። ሬቶ በየቀኑ ከኋላዬ እየመጣ «ትንሽ ትቅላ፤ ሰው ሳያያት እንዳያልፍ» ይለኛል። እኔም አቀላታለሁ።

ለዚህ ሙያ ያበቃኝ አባቴ ነው። አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ የሱቅና የምግብ ቤት ማስታወቂያ በብሩሽ የሚጽፍ ሰው ነበር። መሰላሉ ላይ ቆሞ አንድ ፊደል ይጽፍና ይወርዳል፤ አስፋልቱን ተሻግሮ ከማዶ ያየዋል፤ ተመልሶ ይወጣል። አንዲት «ሥጋ ቤት» የምትል ጽሑፍ እስኪጨርስ ስንት ታክሲ ጡሩንባ ይነፋበት እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ልጅ ሆኜ ከማዶ አብሬው እቆማለሁ፤ ቀለምና ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እናቴ ቀድማ ስለሞተች ከፍ ስል እኅቱ ጋ ጄኔቭ ላከኝ። እኅቱ እትዬ ዘውዴ ናት። ከጄኔቭ ዳር ባለችው ሜራን ውስጥ፣ ከትልቁ የምርምር ተቋም ትንሽ ራቅ ብሎ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ነው የምትኖረው፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስም የዚያው ተቋም ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ዙሪክ የላከችኝ እሷ ናት።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮ ሆኜ ደወለችልኝ።

«ምሥሬ፣ ትንሽ አሞኛል። ቅዳሜ ጠዋት ነይልኝ» አለችኝ።

«ምንሽን ነው? ሐኪም አይቶሻል?»

«ኧረ እንዲሁ ድካም ነው። ከሥራ ኮንጄ ወስጃለሁ። ቁርስ ሳትበዪ ነይ፤ እዚህ አብረን እንበላለን።»

ሌላ ሐበሻ ቢሆን እዚያው ላይ ይጠረጥር ነበር። ስንታመም «ደህና ነኝ» የምንል ሰዎች አይደለንም እንዴ? እትዬ ዘውዴ ደግሞ ትኩሳት እያንቀጠቀጣት ሥራ የምትሄድ ሴት ናት፤ ኮንጄ መውሰድ አታውቅም። እኔ ግን ዙሪክ ከርሜ አፍንጫዬ ደንዝዟል። ሰው አሞኛል ካለ አሞታል፤ ነይ ካለ ልሂድ ብዬ ለቅዳሜ ማለዳ ቲኬት ቆረጥኩ።

ጥቅምት ነበር፤ የስዊዘርላንድ ጥቅምት። ከዙሪክ ጀምሮ እስከ ፍሪቡር ድረስ ከመስኮቱ ውጭ ከጭጋግ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። አንዳንዴ የአንድ ገበሬ ቤት ጣሪያ ብቅ ይልና ተመልሶ ይዋጣል። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ከወረቀት ፈትተው ሲበሉ ሆዴ ጮኸ። ሳትበዪ ነይ ተብያለሁና አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። የማስበው ስለ እትዬ ጤና ነበር፤ ልቧ ይሆን? ስኳር ይሆን? በዚያ ወጥ ቤት ስንት ዓመት ቆማ ኖራለች!

መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከሎዛን በፊት ያለችውን ያቺን ዋሻ ያውቃታል። ባቡሩ ጭጋጉን ይዞ ይገባና ሲወጣ ሐይቁ በአንድ ጊዜ ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። የዚያን ቀን ፀሐይ ወጥታ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለው የወይን ተክል ሁሉ ቢጫ ሆኖ፣ ከማዶ ተራራዎቹ ነጭ ለብሰው ነበር። ፉርጎው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ኦ!» አለና ስልኩን አነሣ። እኔም ላነሣ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ዋሻው ውስጥ ጠፍቶ የነበረው ኔትወርክ ተመልሶ ኖሮ ስልኩ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ጥጉ ላይ ቀይ ነጥብ አለች።

ነካኋት። የአባቴ ፎቶ ወጣ። መሰላሉን በአንድ እጁ፣ ብሩሹን በሌላው ይዞ፣ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋው ይስቃል። ከላይ አንድ የድሮ የሰፈራችን ልጅ «ነፍስ ይማር ጋሼ ተፈራ፣ መቼም አንረሳህም» ብሎ ጽፎ፣ የኔን ስም እንዳየው ብሎ አያይዞበታል። ልጁ ክፋት አላሰበም፤ የሰማሁ መስሎት ነው። ከፎቶው ሥር የተነሣ አውራ ጣት ነበር። ያኔ እነዚህ ገጾች ላይ ሌላ ምልክት አልነበረም፤ ሰርግም ይሁን ሞት አውራ ጣት ነው። ብዙ ሰው የአባቴን ሞት ወድዶታል። ገጹ እኔንም መውደድ አለመውደዴን እየጠበቀ ነበር። ትንሽ ወረድ ስል የስፖርት ጫማ ማስታወቂያ መጣ።

አላለቀስኩም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስደርስ አለቀሽ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። የተሰማኝ መጸየፍ ነው፤ ምግብ ውስጥ ፀጉር ሲገኝ የሚሰማው ዓይነት። ስልኩን ገልብጬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እሱ ግን አላቆመም፤ አሁንም አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው አውራ ጣቱን ማንሣቱ ነው። ያን መንቀጥቀጥ፣ ያቺን ቅላት፣ ያን «አሁኑኑ» እኔና ጓደኞቼ በቀን ስንት ሰዓት እንደምንጨነቅበት ትዝ አለኝ። ዳቦ የበሉት ሽማግሌ ወደ ሐይቁ እያሳዩ «ደስ ይላል፣ አይደል?» አሉኝ። «አዎ፣ ደስ ይላል» አልኳቸው።

ሎዛን ላይ ባቡሩ ቆሞ ሰው ሲወርድና ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመልኝ። እትዬ አላመማትም። የሞተው ወንድሟ ነው፤ እሷ ቀድማ ተረድታ፣ ሐዘኗን ውጣ፣ ለኔ መርዶ እያዘጋጀችልኝ ነው። ከሥራ የቀረችው፣ ሳትበዪ ነይ ያለችኝ ለዚህ ነው። አሁን ሜራን ውስጥ የሆነ ቤት ሰዎች ጥቁር ለብሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማን እንደሚናገር ተስማምተው ተቀምጠዋል። ደርሼ «አውቄዋለሁ፣ ስልኬ ነገረኝ» ብላቸውስ? ያ ሁሉ ሰው ለምን ተሰበሰበ? ከአባቴ የቀረኝ አንድ ነገር ቢኖር ሞቱን ከወገን አፍ መስማት ነበር። እሱንም ይሄ የማይረባ መስታወት እንዲቀማኝ አልፈቀድኩም። ስልኩን አጠፋሁትና፣ ሳላውቅ ልግባ ብዬ ቆረጥኩ።

ማለት ቀላል ነው። ከጄኔቭ ኮርናቫ ባቡር ጣቢያ ትራም ይዤ ሜራን እስክደርስ ፊቴን ምን ላድርገው ብዬ ስጨነቅ ነበር። ከሕንፃው በር የአቶ ጌታሁን መኪና ቆማለች። አቶ ጌታሁን ከአዲስ አበባ በደርግ ጊዜ የወጡ፣ ያኔ በጡረታ ላይ የነበሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው፤ ያለ ምክንያት መኪና የማያስነሡ። መኪናዋን እንዳላየ ሰው አልፌ ወጣሁ።

እትዬ በሩን ከፈተችልኝ። ዓይኗ አብጧል። «ጉንፋኑ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። አቀፈችኝና ቶሎ ለቀቀችኝ፤ ትንሽ ብትቆይ እንደማትችለው ታውቃለች። ከወጥ ቤት የንጥር ቅቤና የበርበሬ ሽታ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ ጨጨብሳ ተከድኖ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ማር።

«ተቀመጪ፣ ብዪ። ከመንገድ ነው የመጣሽው።»

ይህን እንግዲህ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው መርዶ ከሰማ በኋላ እህል አይቀምስም፤ ስለዚህ አስቀድመው ያበሉታል። ሳልበላ አይነግሩኝም። ካልነገሩኝ ደግሞ ማልቀስ አልችልም። ቆርሼ ጎረስኩ። በልጅነቴ የምሞትለት ጨጨብሳ አፌ ውስጥ እንደ ገለባ ሆነ። ቅቤው ምላሴ ላይ ይረጋል፤ በሻይ አወርደዋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል፤ መልሼ እውጠዋለሁ።

«ማር ጨምሪበት እንጂ» አለችኝ።

«ጨምሬያለሁ፣ እትዬ።»

«ሥራ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ገንዳው ጋ ቆመች፤ የሚታጠብ ዕቃ ሳይኖር ቧንቧውን ከፈተችው። የውኃው ድምፅ እንዲሸፍናት ነው። ትከሻዋ ይንቀሳቀሳል። እሷ የወንድሟን ሞት ከኔ ትደብቃለች፤ እኔ ማወቄን ከሷ እደብቃለሁ፤ መሀላችን ጨጨብሳ አለ። ሰሐኑን ጠርጌ በላሁት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፤ የዚያን ያህል የከበደኝ የለም።

ሰሐኑን አይታ ቧንቧውን ዘጋችው። «ማርታን መጣሁ ልበላት» ብላ ወጣች። ማርታ ከታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ጴንጤ ጎረቤታችን ናት፤ ዙሪክ፣ ክሎተን አየር ማረፊያ ሠርታ ባል አግብታ ወደዚህ የመጣች። ሰዎቹ እሷ ቤት ነበሩ። ትንሽ ቆይቶ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ተሰማ፤ ማንም አያወራም። ገቡ። ማርታ በአንድ ጎኔ፣ እትዬ በሌላው ተቀመጡ። አቶ ጌታሁን ክራቫታቸውን አስረው ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ሆኑና እጄን ያዙ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከስልኬ መንቀጥቀጥ ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም፤ ሙቀት አለው፣ ጠባሳ አለው፣ ፈርቷል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ደግ። አባትሽ ታሞ ነበር፤ እንዳትጨነቂ ብሎ ነው ያልነገረሽ።» አፋቸው ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ። «ተፈራ አርፏል፣ ልጄ።»

አውቀው ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ይዤው መጥቻለሁ። ግን እኚህ ሰው በሚንቀጠቀጥ አፋቸው ስሙን ሲጠሩት አባቴ ያኔ ገና ሞተ። የጮህኩት ጩኸት ከየት እንደወጣ አላውቅም። እትዬ ስንት ቀን ያፈነችውን ለቀቀችው፤ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን ስትመታ ማርታ ትይዛታለች፤ እየጸለየችም ታለቅሳለች። አቶ ጌታሁን እጄን አልለቀቁም።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ቀለል ሲል፣ እትዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ባቡር ላይ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ጨጨብሳ እንዲያ ዝም ብለሽ ስትበዪ አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ በርበሬው በዛ፣ ቅቤው አነሰ ትያለሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንድትበዪ ፈልጌ» አለችና ፀጉሬን ዳበሰችኝ። «አንቺስ?»

«እንድትነግሩኝ ፈልጌ።»

ከዚያ ሌላ ስለዚህ ጉዳይ አልተነጋገርንም።

ዙሪክ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ አበባ ነበር። ሬቶ አቀፈኝ፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ እውነቱን ነው። በባቡሩ የሆነውን ቀደም ሲል ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ በስልክ ነግሬያት ነበር፤ ለሱ ደርሶታል። እጄን ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ። ወደ ታች ወርዳ መልሳ የምትወጣ፣ የተጠቃሚውን ስሜት የምታሳይ ረጅም መስመር ተሥላለች። በመስመሯ ላይ ፊቶች አሉ፤ መጀመሪያ የሚስቅ፣ መሀል የሚያለቅስ፣ መጨረሻ ላይ መልሶ የሚስቅ። መስመሯ ቁልቁል ከወረደችበት ቦታ ላይ «አባት» የምትል ቢጫ ወረቀት ተለጥፋለች።

«እዚህ ጋ ገበያው ላይ ክፍተት አለ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያንቺን ልምድ ብናጠናው ለብዙ ተጠቃሚ ይተርፋል።»

ወረቀቷን ላጥኳትና ቅርጫት ውስጥ፣ የሙዝ ልጣጭ ላይ ጣልኳት። «አባቴ ያንተ ክፍተት መሙያ አይደለም» አልኩት።

ሬቶ አልተቆጣም። ብስጭት ቢል ይሻለኝ ነበር። ራሱን በአዘኔታ ነቀነቀ፤ አንዲት አዲስ ቢጫ ወረቀት ገነጠለ፤ «ንዴት» ብሎ ጻፈና በዚያው ቦታ ለጠፋት። ኮቴን አነሣሁ። እዚያ ስቱዲዮ የሠራሁበት የመጨረሻ ቀን እሱ ነው።

ሙያውን ለምን አልተውሽም ትሉኝ ይሆናል። ሙያው የአባቴ ነው፤ ሬቶ አልፈጠረውም። አባቴ መንገድ የሚሻገረው በዚያ የሚያልፈውን ሰው ሆኖ ለማየት ነበር፤ እኔም ለተማሪዎቼ የማስተምረው ይህንኑ ነው፣ ከስክሪኑ ተነሡና ማዶ ሂዱ። ብዙዎቹ አይሄዱም። ማክሰኞ ዕለት ያንን ጎበዝ ልጅ «ሰውየውን ከመንገርህ በፊት ምን አብልተኸዋል?» ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «ግሩም ሐሳብ ነው! ምግብ ከሚያደርስ ድርጅት ጋር ልናገናኘው እንችላለን» አለኝ። ክፍሉ እንደገና አጨበጨበ። ወደ መጸዳጃ ቤት ሄጄ ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብኩ።

ትናንት ማታ ማርታ ከሜራን ደወለች። «እትዬ ዘውዴን ትንሽ አሟታል» አለችኝ። ድምፅዋ ተቆራርጧል። «ቅዳሜ ጠዋት ነይ። ሳትበዪ ነይ፣ እዚህ እንበላለን።»

እስቲ አገናኚኝ አላልኳትም። «እሺ ማርቲ፣ ሳልበላ እመጣለሁ» ብዬ ዘጋሁና ስልኬን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ቲኬቴን ጣቢያ ሄጄ ከማሽን በወረቀት ገዛሁ። ምናልባት እውነትም ጉንፋን ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜዋ ጉንፋንም ይከብዳል። ነገ ባቡሩ ከዋሻው ሲወጣ ሰው ሁሉ ስልኩን ያነሣል፤ እኔ ሐይቁን ዝም ብዬ አያለሁ። የሆነ ነገር ካለ ማርታ ትንገረኝ፤ እጄን ይዛ፣ አፏ እየተንቀጠቀጠ ትንገረኝ።

ጨጨብሳውን ግን ማን እንደሚሠራው እንጃ።